ፓተርኔን ለሞባይል ጠጋኝ ነግሬያለሁ፤ መክሰስ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ክፍለ ከተማ ነው። የተሰበረ ስክሪን ለማስቀየር ስልኬን ሞባይል ጥገና ቤት ሰጠሁ። ጠጋኙ «ንክኪው መሥራቱን ልይ» ብሎ ፓተርኔን ሲጠይቀኝ ነገርኩት። ከሳምንት በኋላ ቴሌግራሜ ላይ የማላውቀው ኮምፒውተር ገብቶ አገኘሁ። ወደ ዘጌ ስንሄድ ጀልባ ላይ የተነሳሁትና ለእህቴ ብቻ የላክሁት ፎቶም ልብስ የሚሸጥ ቻናል ላይ ወጥቷል። «በፈቃድሽ ስለከፈትሽለት መክሰስ አትችይም» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት አይደለም። እርስዎ የፈቀዱት ንክኪው እንዲሞከር ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 3 ያለ ፈቃድ የገባውን ብቻ ሳይሆን ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ የገባውንም ይቀጣል፤ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ወይም ከ30,000 እስከ 50,000 ብር መቀጮ፣ ወይም ሁለቱንም። ስልክም በአዋጁ ትርጓሜ ውስጥ ይገባል።

እኔን የሚያሳስበኝ ማስረጃው ነው። ሰው ሲደነግጥ ቴሌግራሙን ከስልኩ አጥፍቶ እንደገና ይጭናል። እባክዎ ይህን አያድርጉ። መተግበሪያውን ማጥፋት ያንን ኮምፒውተር አያስወጣውም። እንደ አዲስ ሲገቡ ደግሞ ቴሌግራም አዲስ የገባ ስልክ ሌሎቹን ወዲያው እንዲያስወጣ ስለማይፈቅድ 24 ሰዓት ያህል እጅዎን አጣጥፈው ሊቀመጡ ነው።

መጀመሪያ በቴሌግራሙ ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ይክፈቱና የማያውቁትን ኮምፒውተር ይንኩት። የመሣሪያው ዓይነት፣ ቦታውና መጨረሻ የተጠቀመበት ጊዜ ይታያል። ስክሪንሹት ያንሱ፤ በሌላ ስልክም ፎቶ ያንሱት። ቦታው «አዲስ አበባ» ቢል አይዘናጉ፤ በኢንተርኔት አድራሻ የተገመተ ስለሆነ ሰውየው እዚሁ ባሕር ዳር ሊሆን ይችላል።

ይህ ዝርዝር ግን መቼ እንደተገባ አይነግርዎትም። ቀኑ ያለው ቴሌግራም ራሱ በሚልከው የአዲስ መግቢያ ማስጠንቀቂያ ላይ ነው፤ «ቴሌግራም» በሚለው ቻት ውስጥ ወደ ላይ እየሄዱ ይፈልጉት። ሰዓቱ የተጻፈው በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ስለሆነ 3 ሰዓት ይጨምሩበት። 11:20 የሚል ከሆነ በፈረንጅ ሰዓት 14:20፣ በእኛ ከቀኑ 8:20 ማለት ነው። ያ ሰዓት ስልክዎ ጥገና ቤት ከነበረበት ጋር ከገጠመና ደረሰኙ ወይም የከፈሉበት የባንክ መልእክት በእጅዎ ካለ፣ ከዚህ የበለጠ ጠንካራ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል። ማስጠንቀቂያው ከሌለ ምናልባት የገባው ሰው አጥፍቶታል፤ ያኔ ደረሰኙን የበለጠ ይጠብቁት።

ይህን ከያዙ በኋላ ሌሎቹን ሁሉ የሚያስወጣውን ቁልፍ ይጫኑ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ፓስወርድ ያብሩ፣ ፓተርኑንም ይቀይሩ። የጉግል አካውንትዎ ላይ የገቡትን መሣሪያዎችም ይመልከቱ። አስቀድሞ ያወረደውን ፎቶ ግን ይህ ሁሉ አይመልሰውም።

የፎቶው ጉዳይ ራሱን የቻለ ነው፤ ቻናሉ የጠጋኙ ላይሆንም ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ልጥፉን ከነሊንኩ፣ ከነቀኑና ከተመልካቹ ቁጥር ጋር ይያዙት፤ ከዚያ ለቻናሉ ባለቤት «ያለ ፈቃዴ የለጠፉትን ፎቶዬን ያንሱ» ብለው በጽሑፍ ይላኩ። በቃል ወይም በስልክ አይበቃም። ተጠይቆ ሳይውል ሳያድር አለማንሳቱ በአንቀጽ 29 መሠረት የሞራል ካሳ ሲጠይቁ ይጠቅምዎታል። በፎቶው ነግዶ ካተረፈም ፍርድ ቤቱ ያንን ሊያስከፍለው ይችላል።

የወንጀሉን አቤቱታ ለፖሊስ ያቅርቡ፤ ምርመራው የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ የጋራ ሥራ ነው። ወደ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ቢሄዱ ይመልሱዎታል። ይህን ዓይነት ክስ የሚያየው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲሆን፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት ያንን ሥልጣን በክልል ደረጃ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደርቦ ይሠራል፤ እሱም እዚያው ባሕር ዳር ነው። ከውል ውጭ በደረሰ ጉዳት ካሳ ለመጠየቅ ያለው ጊዜ 2 ዓመት ነው።

እስከዚያው የጠጋኙን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጥፈው «ሌባ» አይበሉት። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ አንቀጽ 13 በኢንተርኔት ስም ማጥፋትን ስለሚቀጣ፣ አቤቱታውን ይዞ ፖሊስ ጣቢያ የሚቀድምዎት እሱ ሊሆን ይችላል።