ድንኳን ውስጥ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ብርድ

ጥያቄ፦ ባለፈው ወር ከጓደኞቼ ጋር ተራራ ላይ ድንኳን ተክለን አደርን። ወፍራም የመኝታ ከረጢት ውስጥ ገብቼ፣ በላዩም ብርድ ልብስ ደርቤ ብተኛም፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ግድም ወገቤና ዳሌዬ ደንዝዞ ነቃሁ፤ ከዚያ በኋላ እስኪነጋ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሚቀጥለው ጉዞ ሌላ ብርድ ልብስ ልጨምር ወይስ አንድ ጓደኛዬ እንደሚለው የከሰል ፍም ወደ ድንኳኑ እናስገባ?

መልስ፦ የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ ከጓደኛዎ ሐሳብ ልጀምር። ከሰልም ሆነ የጋዝ ምድጃ ለማሞቂያ ተብሎ ወደ መኝታ ድንኳን ፈጽሞ መግባት የለበትም። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም ስለሌለው የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል፤ የድንኳኑን በር ገርበብ አድርጎ መተውም መተማመኛ አይሆንም። እባክዎ ይህን ለጓደኛዎ ዛሬውኑ ይንገሩልኝ።

ወደ ብርዱ ስንመለስ፣ ከሌላው አካልዎ ቀድመው ወገብዎና ዳሌዎ መደንዘዛቸው ብርዱ በየት በኩል እንደገባ ይጠቁማል። የመኝታ ከረጢት በራሱ ሙቀት አይፈጥርም፤ ሰውነትዎ ያመነጨውን ሙቀት በውስጡ ባለው አየር አምቆ ይይዛል እንጂ። ከጀርባዎ ሥር ያለው ክፍል ግን በክብደትዎ ተጨፍልቆ ያንን አየር ስለሚያጣ፣ ከላይ ምንም ያህል ቢደርቡ መሬቱ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀትዎን ከታች ሲወስድ ያድራል። ስለዚህ ገንዘብዎን ከሌላ ብርድ ልብስ ይልቅ በቀላሉ በማይጨፈለቅ ጠጣር የስፖንጅ ምንጣፍ ላይ ቢያውሉት እመርጣለሁ። በአየር የሚነፋ ፍራሽ ካለዎትም፣ ውስጡ ባዶ አየር ብቻ ከሆነ ለብርድ ደካማ ነውና ስፖንጁን ከእርሱ ጋር ይደርቡት። ብዙ ምንጣፎች ላይ ብርድ የመከላከል አቅማቸውን የሚገልጽ አር-ቫልዩ የተባለ ቁጥር ይጻፋል፤ ሁለት ምንጣፎች ሲደራረቡ ቁጥሮቹ ስለሚደመሩ፣ 2 እና 3 የሆኑት በአንድነት 5 ይሆናሉ።

ከረጢትዎ ላይ የተጻፈውንም የሙቀት መጠን አስተውለው ያንብቡት። ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥር ይሰፍራል፦ አንዱ ተዝናንተው የሚተኙበት ሲሆን፣ ዝቅ ያለው ደግሞ ሰው ኩርምት ብሎ ብርዱን እንደምንም የሚቋቋምበት ወሰን ነው። ሻጮች ጎላ አድርገው የሚያሳዩት ዝቅተኛውን ሊሆን ስለሚችል፣ ሲመርጡ በመጀመሪያው ይመሩ።

እርጥበት ሌላው የብርድ በር ነው። ቀን ሲሄዱበት ላብ የጠጣውን ልብስ፣ በተለይ ጥጥ ከሆነ፣ ሳይቀይሩ አይተኙ፤ ፊትዎንም ከረጢቱ ውስጥ ቀብረው አይተንፍሱ፣ ትንፋሽዎ ሙሌቱን ያረጥበዋልና። ጭንቅላትዎን በሱፍ ቆብ ይሸፍኑ፤ ካልሲዎም ደረቅና ላላ ያለ ይሁን።

ከመተኛትዎ በፊት ጥቂት ተንቀሳቅሰው ሰውነትዎን ያሙቁ፤ ከረጢቱ የሚጠብቀው ይዘውት የገቡትን ሙቀት ነውና። ሙቅ ውኃ በማያፈስ ጠንካራ ጠርሙስ ሞልተው፣ ክዳኑን ደጋግመው ፈትሸው፣ ቆዳዎን እንዳያቃጥል በካልሲ ጠቅልለው በጭኖችዎ መካከል ቢያደርጉት፣ በዚያ በኩል የሚያልፉትን ትላልቅ የደም ሥሮች ስለሚያሞቅ እግር ሥር ከማስቀመጡ ይሻላል። ሲነጋም በረዶ ያልሆነ የሚጠጣ ውኃ ያገኛሉ።