ሰርትራሊኑን ትቼ የሳፍሮን አበባ እንክብል ልውሰድ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ዱባይ ነው፣ ዕድሜዬ 34 ነው። ለድባቴ የታዘዘልኝን ሰርትራሊን 50 ሚሊ ግራም መውሰድ ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። አሁን ደህና ነኝ። ሰሞኑን ጓደኛዬ ከሳፍሮን አበባ ቅጠል የተሠራ እንክብል አመጣችልኝ። «ድሮ የሚጣል ነበር፣ አሁን መድኃኒት መሆኑ ታወቀ። ተፈጥሮ ነው፣ ኪኒኑን ተይውና ይህን ዋጪ» አለችኝ። እውነት ይሠራል? ነፍሰ ጡር እህቴም ለእንቅልፍ ልሞክረው እያለች ነው።

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደህና በመሆንዎ ደስ ብሎኛል። በመጀመሪያ ሁለት ነገር፦ ሰርትራሊኑን በራስዎ እንዳያቋርጡ። እህትዎም እንክብሉን አትንካው።

ጓደኛዎ «ይጣል ነበር» ያለችው እውነት ነው። የሳፍሮን አበባ ስድስት ሐምራዊ ቅጠሎች አሉት። መሀሉ ላይ ደግሞ ሦስት ቀያይ ክሮች አሉ። ሳፍሮን የሚባለው ውድ ቅመም እነዚህ ክሮች ናቸው፤ ገበያ የሚፈልገው እነሱን ብቻ ነው። አንድ ኪሎ ደረቅ ሳፍሮን ለማግኘት ወደ 150 ሺህ አበባ ይለቀማል። አብዛኛው የዓለም ሳፍሮን የሚመጣው ከኢራን፣ በተለይም ኮራሳን ከሚባለው አካባቢዋ ነው። እዚያ ለቃሚዎች በማለዳ አበባውን ሰብስበው ክሩን አንድ በአንድ በጣታቸው ይነቅላሉ። ሐምራዊው ቅጠል ከጎናቸው ይቆለላል። ከአበባው ክብደት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ይኸው ተረፈ ምርት ነው። ውሃ ስለሚበዛበት ቶሎ ይበሰብሳል። ስለዚህ ሊጠቀሙበት የሚፈልጉ ሰዎች ቶሎ አድርቀው፣ በውሃና በአልኮል ዘፍዝፈው፣ ውስጡ ያለውን ያወጣሉ።

የሚወጣው ነገር ባዶ አይደለም። ፍላቮኖይድ የሚባሉ ውህዶች፣ በተለይ ካምፌሮል፣ በብዛት አሉበት። ሐምራዊ ቀለም የሚሰጠው አንቶሳያኒንም አለ። ሩዙን ወርቃማ የሚያደርገው ክሮሲን የተባለ ቀለም ግን የክሩ ሀብት ነው። ስለዚህ ቅጠሉ «ርካሽ ሳፍሮን» አይደለም። የክሩን ዝና ለቅጠሉ የሚያወርስ ማስታወቂያ ካዩ ይጠርጥሩ። ደግሞም የካምፌሮል ዘመድ የሆነው ኬርሰቲን በቀይ ሽንኩርት፣ ካምፌሮል ራሱ በጎመን ውስጥ ይገኛል። ጎመንን ግን የድባቴ መድኃኒት ነው አንለውም።

በላቦራቶሪ እነዚህ ውህዶች ሴል የሚጎዱ ነገሮችን ሲያከሽፉ ይታያል። ሰው ሲውጣቸው ግን አንጀት የሚያሳልፈው ጥቂቱን ነው። ያንንም ጉበት ይለውጠዋል።

በሰው ላይስ? ቴህራን ውስጥ የተሠሩና በ2006 እና በ2007 የታተሙ ሁለት ጥናቶች አሉ። እያንዳንዳቸው ቀላልና መካከለኛ ድባቴ ያለባቸውን 40 ሰዎች ያካተቱ ናቸው። ከቅጠሉ የወጣውን በቀን 30 ሚሊ ግራም ሰጧቸው። የመጀመሪያው ለስድስት ሳምንት ውስጡ መድኃኒት ከሌለው እንክብል ጋር አወዳደረ፤ ቅጠሉ የተሻለ ሆነ። ሁለተኛው ለስምንት ሳምንት ፍሉኦክሰቲን ከሚባል የድባቴ መድኃኒት ጋር አወዳደረ፤ ውጤቱ ተቀራራቢ ነበር። እኔ ይህን አልንቀውም። ነገር ግን በአንድ ወገን 20 ሰው ብቻ፣ ያውም ለሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ፣ መድኃኒት ለመቀየር አይበቃም። ጥናቶቹ በሰርትራሊን የዳነ ሰው ወደ ቅጠሉ ቢሻገር ምን እንደሚሆን አልጠየቁም። የእርስዎ ጥያቄ ደግሞ ይኸው ነው። እነሱ የሰጡት ተለክቶ የተዘጋጀ ነው፤ ጓደኛዎ ያመጣችው ተፈጭቶ የተሞላ ደረቅ ቅጠል ሊሆን ይችላል።

ሰርትራሊን በድንገት ሲቋረጥ ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ብስጭት፣ ጭንቅላት ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰማ ስሜት ሊመጣ ይችላል። ድባቴውም ሊመለስ ይችላል። «ሁለቱንም ልውሰድ» ካሉም ችግር አለ። ሳፍሮን ሴሮቶኒን በሚባለው፣ ከስሜት ጋር በተያያዘ የአንጎል ኬሚካል ላይ ሳይሠራ እንደማይቀር ይታሰባል፤ ሰርትራሊንም የሚሠራው እዚያው ነው። ሁለቱ ተደራርበው ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ትኩሳትና ግራ መጋባት ከታየ ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። እንደ ዋርፋሪን ወይም አስፒሪን ያለ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰውም ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር አይጀምረው።

ወደ እህትዎ ልመለስ። ሩዝ ላይ የሚጣል ቁንጥጫ ሳፍሮን አያሳስበኝም። በርከት ሲል ግን ማህፀንን ሊያኮማትር ይችላል። የቅጠሉ እንክብል ደግሞ ለነፍሰ ጡር ደህና መሆኑ አልተረጋገጠም። እንቅልፍ ካጣች ለሚከታተላት ሐኪም ወይም አዋላጅ ትንገር፤ አንዳንዴ መንስኤው የደም ማነስ ወይም ቃር ነው፣ እሱ ሲታከም እንቅልፉም ይመጣል።

ምናልባት ደረቁን አበባ ራሱን ገዝተው ሊያፈሉ ካሰቡም ይጠንቀቁ። ኮልቺኩም የሚባል፣ ሳፍሮንን በጣም የሚመስል መርዛማ አበባ አለ። ቢጫዎቹን ዘንጎች ይቁጠሩ፦ ሳፍሮን ሦስት፣ ኮልቺኩም ስድስት አለው። ከደረቀና ከተሰባበረ በኋላ ግን መቁጠር አይቻልም። በሳፍሮን ስም የሱፍ (ሳፍላወር) አበባ የሚሸጡም ሞልተዋል፤ ያ እንኳ የሚጎዳው በአብዛኛው ኪስን ነው።

ለቀጣዩ ቀጠሮ የእንክብሉን ጠርሙስ ይዘው ይሂዱ፣ መለያውን ሐኪሙ ያንብበው። ድባቴ ከተሻለ በኋላ መድኃኒቱ ቢያንስ ለስድስት ወር መቀጠል አለበት። ስለዚህ ደህና የሆኑት መቼ እንደሆነ አስልተው ይንገሩት። ጊዜው ደርሶ ከሆነ መጠኑን ቀስ በቀስ መቀነስ ይቻላል፤ መርሐ ግብሩን ግን እሱ ያውጣልዎት።