ጥያቄና መልስ፦ የጌም ሙዚቃ ሪሚክሶችን ማደራጀት

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ፕሌይስቴሽን ቤት አለኝ። የድሮ ጌሞችን ሙዚቃ ሪሚክሶች (በአዲስ መልክ እንደገና የተሠሩትን) ሰብስቤ ለደንበኞቼ እከፍታለሁ። ግን አንዱ ጆሮ ይበጥሳል፣ ተከታዩ አይሰማም፤ ቅደም ተከተሉም ዝብርቅርቅ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ዝብርቅርቁ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በጌም ስም ከመደርደር ነው። አንድ ጌም ውስጥ የሰላም መንደር ዜማም፣ የቦስ (የዋናው ኃይለኛ ጠላት) ፍልሚያም አለ፤ ሁለቱ ተከታትለው ሲመጡ ይጋጫሉ። በሁኔታ ይከፋፍሏቸው፦ የመኪና ውድድር፣ በረዶ፣ ውሃ ውስጥ፣ ቦስ፣ ሌሊት። ለአንዱ ክፍል ከ12 እስከ 15 ሙዚቃ፣ ማለትም አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃል። የአንድ ዜማ ሁለት ሪሚክሶች ካሉ ቢያንስ አራት ሌላ ሙዚቃ መሀላቸው ይግባ። ኦሪጅናሉን መጨመር ከፈለጉ ከሪሚክሱ በፊት ያስቀድሙት። የ1980ዎቹ የኒንቴንዶ ማሽን 5 የድምፅ ቻናል ብቻ ስለነበረው (በአንዴ ከ5 ድምፅ በላይ አያወጣም)፣ ኦሪጅናሉ በሙሉ ኦርኬስትራ ከተሠራ ሪሚክስ በኋላ ሲመጣ ቀጥኖ ይሰማል።

የፍጥነቱን ነገር በጆሮ ብቻ አይተዉት። የእያንዳንዱን ምት በደቂቃ ይቁጠሩ (ለ15 ሰከንድ ቆጥረው በ4 ማባዛት ነው)፣ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ከ10 እስከ 15 ምት በላይ አይዝለሉ። 80 እና 160 ግን እጥፍ ስለሆኑ ያለችግር ይገጥማሉ።

የድምፁ ከፍና ዝቅ ማለት የስፒከርዎ ጥፋት አይደለም። አንዱ ሪሚክስ ድምፁ እስከ ጣሪያው ከፍ ተደርጎ ይወጣል፣ ሌላው ትንፋሽ ተትቶለት ይሠራል። ኤምፒ3ጌይን የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ይጫኑ፣ መለኪያውን 89 ዴሲቤል ላይ ይተዉት፣ መጀመሪያ አስመርምረው ከዚያ ያስተካክሉ። ፕሮግራሙ ሙዚቃውን እንደገና ስለማይጨምቀው ጥራቱ አይጎዳም፤ የሚያስተካክለውም በ1.5 ዴሲቤል እርምጃ ነው። ያም ሆኖ በኮፒው ላይ ይሥሩ እንጂ ዋናውን አይንኩ። 89 አነሰኝ ብለው 98 ቢያደርጉት ከበሮው መሰንጠቅ ይጀምራል። ያነሰውን በአምፕሊፋየሩ ይጨምሩ።

አንድ ነገር አይርሱ፦ ቴሌቪዥኖቹ የራሳቸውን ሙዚቃ እየለቀቁ የእርስዎ ፕሌይሊስት ሊሰማ አይችልም። በየጌሙ ሴቲንግ ውስጥ የሙዚቃውን ድምፅ ብቻ ዜሮ አድርገው የሜዳውንና የኮሜንታተሩን ይተዉ።

ጥያቄ፦ በደሴና ኮምቦልቻ መካከል መኪና እነዳለሁ። በኮምፒውተር ያስተካከልኩት ቅደም ተከተል ፍላሹን መኪና ላይ ስሰካው ይበላሻል። አዲሱን 64 ጊጋ ፍላሽ ደግሞ ጭራሽ አያነበውም።

መልስ፦ ብዙ የመኪና ቴፖች ስም አይተው አይደረድሩም፤ ፋይሎቹ ፍላሹ ላይ በተጻፉበት ተራ ያጫውታሉ። ብዙ ፋይል መርጠው በአንዴ ሲጎትቱ ያ ተራ ይዛባል። በኋላ አንዱን አጥፍተው ሌላ ቢጨምሩም አዲሱ የጠፋውን ክፍት ቦታ ይይዝና መሀል ላይ ይገባል። ስለዚህ ፍላሹን ፎርማት ያድርጉት፣ ፋይሎቹን 01፣ 02 ብለው ይሰይሙ፣ በተራቸው አንድ በአንድ ይገልብጡ። ለውጥ ሲኖር ፎልደሩን በሙሉ አጥፍተው እንደገና ይጫኑ። 64 ጊጋው ሲሸጥ ብዙ የመኪና ቴፖች በማያነቡት ኤክስፋት በተባለ ፎርማት ስለሚመጣ ነው የማይነበበው፤ 32 ጊጋ ገዝተው ቴፖቹ በሚያነቡት ፋት32 ፎርማት ማድረጉ ይቀላል። ቦታ አያስጨንቅዎት፦ በ320 ኪሎቢት (በከፍተኛው የኤምፒ3 ጥራት) የአንድ ሰዓት ሙዚቃ 144 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ነው። የውድድሩን ፕሌይሊስት ግን ለቀጥታው መንገድ ይተዉት፤ በመሀል ላለው ለሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ረጋ ያለው ይሻላል። ፈጣን ምት እግርን ነዳጅ ላይ ያከብዳል።

ጥያቄ፦ ደሴ ክራር እማራለሁ። አንዳንድ የጃፓን ጌም ሙዚቃ አምባሰል አምባሰል ይለኛል። ተሳስቼ ይሆን?

መልስ፦ ጆሮሽ አልተሳሳተም። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው፤ ጃፓኖች ሚያኮ ቡሺ የሚሉት ቅኝትም በእነዚሁ ርቀቶች የተሠራ ነው። ኦካሚን (2006 እ.ኤ.አ.) በመሳሰሉ፣ የጃፓን ባህላዊ መሣሪያዎች በሚሰሙባቸው ጌሞች ሪሚክሶች ፍለጋሽን ጀምሪ። ኦቨርክሎክድ ሪሚክስ የተባለው ድረ ገጽ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጌም ሪሚክሶችን በነፃ ያቀርባል፤ በጌም ስምም መፈለግ ይቻላል።

ሁሉም ግን አምባሰል አይሆንም፤ በክራርሽ ፈትኚ። ዜማው የሚያርፍበትን ድምፅ ፈልገሽ ክራሩን ከዚያ አንሥተሽ በአምባሰል ቃኚው፣ ከሪሚክሱ ጋር አብረሽ ተጫወቺ። ዜማው ሙሉ በሙሉ በአምስቱ ክሮች ላይ ከወጣ ይገባል። አጃቢው ጊታር ወይም ኪቦርድ ሌላ ድምፅ ጨምሮ ቅኝቱን የሚያስለቅቅባቸው ብዙ ናቸው፤ እነሱን ለብቻ አስቀምጪ። ስትደረድሪም መነሻ ድምፃቸውን ጻፊ። አንዱ ከዶ፣ ቀጣዩ ከዶ ሻርፕ ከተነሣ ሁለተኛው ከቅኝት የወጣ ይመስላል። መነሻቸው አንድ የሆኑትን፣ ወይም እንደ ዶና ሶል የሚራራቁትን አጠገብ ለአጠገብ አድርጊ።