ለስድስት ሸርጣን የተጻፈ ትዝታ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

በቻይና፣ በሚንግና በቺንግ ነገሥታት ዘመን (ከ1368 እስከ 1912 እ.ኤ.አ.) የታችኛው ያንግትዜ ወንዝ አካባቢ ሰዎች ከወንዝና ከሐይቅ ምን ይበሉ እንደነበር ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ይኸው።

ጥያቄ፦ ሸርጣን ምኑ ይበላል? ሥጋው አንድ ጉርሻ አይሞላም።

ልክ ነው፣ ጠግቦ የሚነሳ የለም። በመኸር ግን ጀርባው ሲከፈት ብርቱካንማ ቅባት ሞልቶት ይገኛል። ሰው የሚያብደው ለሱ ነው። በጨረቃ አቆጣጠራቸው በዘጠነኛው ወር ሴቷ፣ በአሥረኛው ወንዱ ይመረጣል። በእንፋሎት ይበስላል፣ በዝንጅብልና በኮምጣጤ ይበላል። «ቀዝቃዛ ምግብ ነው»፣ ማለትም ሰውነትን ያቀዘቅዛል ስለሚሉ ሞቅ ያለ የሩዝ ወይን አይለየውም። ጸሐፊው ሊ ዩ ወቅቱ ሳይደርስ ለሸርጣን ገንዘብ ያስቀምጥ ነበር። ቤተሰቡ ሲስቅበት ገንዘቡን «የነፍሴ መግዣ» አለው።

ጥያቄ፦ ይሄ የሀብታም ቅብጠት አይደለም?

ነው እንጂ! ጸሐፊው ዣንግ ዳይ የሻኦሺንግ ከተማ ባለጠጋ ልጅ ነበር። በአሥረኛው ወር ጓደኞቹን ሰብስቦ ለእያንዳንዱ ስድስት ስድስት ሸርጣን ያቀርባል። ሁሉም ባንዴ አይቀቀልም። ከቀዘቀዘ ይሸታል፤ ስለዚህ በየዙሩ ትኩስ ትኩሱ ይመጣል። ጨውም ኮምጣጤም ሳይነካው ጣዕሙ ሙሉ ነው ባይ ነው።

በ1644 ሚንግ ወደቀ። ዣንግ ዳይ ቤት ንብረቱን አጥቶ ተራራ ገባ። እህል እያለቀበት ምድጃው የማይነድበት ቀን በዛ። የድሮውን ድግስ የጻፈው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስድስት መሆናቸውን እንኳ አልረሳም። እኔን የሚነካኝ ይቺ ቁጥር ናት።

ጥያቄ፦ በምግብ ናፍቆት ሥራውን የለቀቀ ሰው ነበር የተባለው እውነት ነው?

ዣንግ ሃን ነው፤ ከነዚህ ሰዎች 1,300 ዓመት ገደማ ይቀድማል። በዋና ከተማው በሉዎያንግ በሹመት ላይ ሳለ የመኸር ነፋስ ነፈሰ። የሀገሩ የውሃ ቅጠል ሾርባና በስሱ የተከተፈው ዓሣ ትዝ አለው፤ ጥሎ ሄደ። አለቃው ብዙም ሳይቆይ ስለወደቀ፣ ናፍቆቱ ሰበብ ሳይሆን አይቀርም። ለኋለኞቹ ግን «ሾርባውና ዓሣው» ማለት ብቻውን «ሀገሬ ናፈቀኝ» ማለት ሆነ። ቅጠሉ እንደ ተልባ ያሙለጨልጫል፤ የራሱ ጣዕም የለውም ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ለንጉሡስ ምን ይቀርብ ነበር?

ሺዩ የሚባል ዓሣ በፈረስ ቤጂንግ ድረስ ይላክለት ነበር። ስቡ ከቅርፊቱ ሥር ስለሆነ ቅርፊቱ ሳይነሳ ይበስላል። ዛሬ ከያንግትዜ ጠፍቷል። በስሙ ምግብ ቤት የሚቀርበው በአብዛኛው አሜሪካዊ ዘመዱ ነው።