ደወል ስለሌለው ትምህርት

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ሴት ልጄንና የ6 ዓመት ወንድሟን በቤት የማስተምር እናት ነኝ። ስንጀምር ቀኑን እንደ ትምህርት ቤት በክፍለ ጊዜ ከፋፍዬ፣ የስልኬን ደወል እያስጮህኩ አስተምራቸው ነበር፤ በሦስተኛው ወር ግን ደብተር ሲያዩ ማልቀስ ጀመሩ። አሁን ሰዓቱን አላልቼዋለሁ፤ ልጄ ቀኑን ሙሉ ስለ ጉንዳን ብታነብም ዝም እላታለሁ። ቤቱ ሰላም ሆኗል፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ወንድሟም ገና ማንበብ አልጀመረም። ልጆቼን እየበደልኳቸው ይሆን?

መልስ፦ ስለ ሰዓቱ አይስጉ። በትምህርት ቤት ከአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ብዙው የሚያልፈው ስም ሲጠራ፣ ጸጥታ ሲከበር፣ ደብተር ሲታረምና ያልገባው ልጅ እስኪገባው ሌላው ሲጠብቅ ነው፤ ከአንድ ልጅ ጋር ጎን ለጎን ለተቀመጠች እናት ይህ ሁሉ የለባትም። ከ1842 እስከ 1923 የኖሩት እንግሊዛዊት መምህርት ሻርሎት ሜሰን እንኳ፣ ሥርዓት አጥባቂ ሆነው ሳለ፣ ለትናንሽ ልጆች አንድ ትምህርት ከ20 ደቂቃ እንዳይበልጥ ይመክሩ ነበር።

ይሁንና ሁሉም ትምህርት እኩል አይላላም። ልጅዎ ከጉንዳን ወደ ንብ፣ ከንብ ወደ አበባ ብትሻገር የሚጎድልባት ነገር የለም፤ የሳይንስና የታሪክ ቅደም ተከተል ቢዛባ በኋላ ይሟላል። ሒሳብ ግን አንዱ በሌላው ላይ የሚገነባ በመሆኑ፣ ማባዛትና ማካፈል ያልጸናላት ልጅ ክፍልፋይ ላይ ስትደርስ መቸገሯ አይቀርም። ስለዚህ ሒሳብን በየቀኑ፣ ለአጭር ጊዜም ቢሆን፣ ሳያቋርጡ ያስተምሯት። የግድ ጠረጴዛ ላይ መሆን የለበትም። የእኔዋ ልጅ ዳቦ ስንጋግር የምንጠቀምበትን መጠን በግማሽ እንድትቀንስ ብነግራት፣ ግማሽ ኩባያውን ውኃ በሁለት ብርጭቆ ከፍላ፣ ጎንበስ ብላ ውኃው እኩል መሆኑን በዓይኗ ለክታ፣ «ሩብ ማለት ይኼ ነው እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ በፊት ሁለት ሳምንት በወረቀት ለፍተንበት ነበር።

ስለ ወንድሟ ጥቂት ልጨምር። ልጆች ማንበብ የሚጀምሩበት ዕድሜ በእጅጉ ይለያያል፤ በፊንላንድ የግዴታ ትምህርት የሚጀመረው ልጁ 7 ዓመት በሚሞላበት ዓመት ነው። መዘግየቱ ብቻውን አያስደነግጥም። ነገር ግን ዘና ያለ ትምህርት ከሁሉ በላይ የሚያሰጋኝ በዚህ በኩል ነው፤ «በራሱ ጊዜ ይደርሳል» የሚለው ትዕግሥት እውነተኛ ችግርን ሊሸፍን ይችላል። በየዕለቱ እያነበቡለትና ፊደል እያስጠኑት ለወራት ተመሳሳይ ድምፆችን መለየት ካቃተው ወይም ትናንት የለየውን ፊደል ዛሬ ደጋግሞ ከረሳ፣ ዓይኑንና ጆሮውን ያስመርምሩ፤ የንባብ ችግር የሚያውቅ ባለሙያም ያማክሩ።

የሚኖሩበትን አገር ሕግ አስቀድመው ይወቁ። ጀርመን በቤት ማስተማርን በአብዛኛው ስትከለክል፣ በአሜሪካ በ50ዎቹም ግዛቶች የተፈቀደ ቢሆንም ስለ መዝገብና ፈተና የሚጠየቀው ከግዛት ግዛት ይለያያል።

ለእንቅልፍዎ ደግሞ አንድ ደብተር ያዘጋጁ። በየምሽቱ ቀኑን፣ ልጆቹ የሠሩትንና የጠየቁትን በሦስት መስመር ይጻፉ፤ በወሩ መጨረሻም ያገላብጡት። ሒሳብ የሚል ቃል ያልሰፈረበት ሳምንት ካገኙ በሚቀጥለው ሰኞ ከእርሱ ይጀምሩ፤ ጉንዳኖቹን ግን ይተዉላት።