ስለ መብረቅ የምትፈልጉትን ጠይቁኝ

ክረምቱ እየገባ ነው። አየር ትንበያ ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ግን ነገሩ የጀመረኝ ልጅ ሆኜ ነው፤ የአጎቴ ሁለት በሬዎች ዋርካ ሥር እንደቆሙ ባንድ ብልጭታ ሲያልቁ አየሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ መብረቅ ማንበብ አላቆምኩም። ያላችሁን አምጡ፣ እስከ ማታ እዚሁ ነኝ።

ጥያቄ፦ ደመና ውሃ አይደል እንዴ? እሳቱ ከየት መጣ?

መልስ፦ የነጎድጓድ ደመና ላዩ በረዶ ነው። ትንንሽ የበረዶ ቅንጣቶችና ከበድ ያሉ እንክብሎች ነፋስ እያንገላታቸው ሲላተሙ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ቀላሎቹ ፖዘቲቩን ይዘው ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ከባዶቹ ኔጋቲቩን ይዘው ታች ይቀራሉ። ልዩነቱ ሲበዛ አየሩ መቋቋም ያቅተዋል። መብረቁ ያለፈበት መስመር እስከ 30,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል። የፀሐይ ገጽ እንኳ 5,500 ገደማ ነው! ነጎድጓዱ ያ አየር ባንዴ ግሎ ሲፈነዳ የሚሰማው ድምፅ ነው።

ጥያቄ፦ ብልጭ ካለ በኋላ ቆጥሮ ርቀቱን ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ አዎ። 3 ሰከንድ ማለት 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን አትተማመኑበት፤ መብረቅ ከደመናው 15 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ዝናብ በሌለበት ቦታም ሊወርድ ይችላል። ድምፁን ከሰማችሁ ግቡ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ።

ጥያቄ፦ እናቴ ሰማዩ ሲያጉረመርም መስታወት ትሸፍናለች፣ ቀይ ልብስም ታስወልቀናለች።

መልስ፦ የኔም እናት እንደዚያው ነበረች፣ ለልጆቿ ስትል ነው። ግን መብረቅ ቀለም አይመርጥም፣ መስታወትም አይስበውም። እሱን የሚስበው ከፍ ያለና ለብቻው የቆመ ነገር ነው። ሞባይልም ቻርጅ ላይ ካልተሰካ ችግር የለውም። ይልቅ ምጣዱንና ቴሌቪዥኑን ቀድማችሁ ንቀሉ። ሻወሩም ይቆይ።

ጥያቄ፦ አንድ ቦታ ሁለቴ አይመታም ይባላል።

መልስ፦ ውሸት። ኒው ዮርክ ያለው ኤምፓየር ስቴት ሕንፃ በዓመት 20 ጊዜ ገደማ ይመታል።

ጥያቄ፦ ሳር ቤት ይሻላል ወይስ ቆርቆሮ?

መልስ፦ እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ሙሉ ዋስትና አይሰጡም። ደህና መጠለያ የሚባለው የኤሌክትሪክ መስመርና የውሃ ቧንቧ ያለው ግንብ ቤት፣ ወይም መስኮቱ የተዘጋ መኪና ነው። መኪና ውስጥ የሚያድነን ጎማው ሳይሆን ብረቱ ነው፤ ኤሌክትሪኩን በውጭ በኩል ወደ መሬት ይወስደዋል። ያላችሁ ጎጆ ብቻ ከሆነ ምሰሶውንም ግድግዳውንም አትደገፉ።

ጥያቄ፦ እንዴት ነው ባንዴ ያን ያህል ከብት የሚያልቀው?

መልስ፦ አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ የጠየቀው ይህንን ነው። መብረቁ እያንዳንዱን በሬ መምታት አያስፈልገውም። ዛፉን ይመታና መሬቱ ውስጥ ይበተናል። የከብት የፊትና የኋላ እግር የተራራቀ ስለሆነ ኤሌክትሪኩ ባንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ መሃል ላይ ያለው ደግሞ ልብ ነው። ኖርዌይ ውስጥ ነሐሴ 2016 እ.ኤ.አ. 323 አጋዘኖች ተጠጋግተው እንደቆሙ አልቀዋል። ስለዚህ እረኞቻችንን አደራ በሏቸው፦ ከጉብታ ይውረዱ፣ ለብቻው ከቆመ ዛፍ ይራቁ፣ መሬት ላይ አይተኙ፣ ተጠጋግተውም አይቁሙ። ዝናቡ እስኪያባራ ብሎ ዛፍ ሥር የቆመ ስንት ልጅ ነው የቀረው!

ጥያቄ፦ አያቴ እሳት የመሰለ ኳስ በመስኮት ገብቶ ሲዞር አይቻለሁ ትላለች። ማንም አያምናትም።

መልስ፦ እኔ አምናታለሁ። በብዙ አገር እንደሷ ያዩ ሰዎች አሉ። በ2012 እ.ኤ.አ. ቻይና ውስጥ ተመራማሪዎች ተራ መብረቅ ሲቀርጹ ድንገት ይሄ ኳስ ካሜራቸው ውስጥ ገባ። ብርሃኑን ሲመረምሩ ሲሊከን፣ ብረትና ካልሲየም አገኙበት፤ አፈር ውስጥ ያሉ ነገሮች ማለት ነው። ኳሱ እንዴት እንደሚፈጠር ግን ሳይንስ እስካሁን አልቆረጠም። አያትህ ያየችውን ቁጭ ብለህ ጻፍላት፦ ቀለሙን፣ መጠኑን፣ ስንት ጊዜ እንደቆየ።

ጥያቄ፦ እኛ አካባቢ የተመታን ሰው መንካት ይፈራል፤ ቁጣ የወረደበት ነው ይላሉ።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። እባካችሁ ንኩት! ሰውነቱ ውስጥ የቀረ ኤሌክትሪክ የለም። ከተመቱት አብዛኞቹ ይተርፋሉ፤ የሚሞቱት በዋናነት ልባቸው ስለሚቆም ነው፣ እሷን ደግሞ አንዳንዴ መመለስ ይቻላል። ብዙ ሰው ከተመታ፣ ትንፋሽ የሌለውን አስቀድሙ፤ የሚያቃስተው ጊዜ አለው። አንዱ አምቡላንስ ይጥራ። ሌላው ትንፋሽ የሌለውን ሰው በጀርባው አስተኝቶ፣ መዳፎቹን ደራርቦ የደረቱን መሃል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ጠንከር አድርጎ ይጫን። የደከመው ለሌላው ይልቀቅ፣ መጫኑ ግን አይቋረጥ።