እሸት ቡና መስሎ የማይነበበው ታፔላ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ትንሽ የጀበና ቡና ቤት ከፍቻለሁ። ታፔላውን ራሴ በስልኬ ሠርቼ አሳተምኩት። መደቡ አረንጓዴ፣ ፊደሉ ቀይ፤ እሸት ቡና ከነቅጠሉ እንዲመስል ብዬ ነው። ስልኬ ላይ እሳት ነበር። ከተሰቀለ በኋላ ግን ከማዶ አይነበብም፣ ቀለሙም ፈዟል። ባጃጆቹ ሳይቀሩ «ቤቱ ማን ይባላል?» እያሉ ይጠይቁኛል። ቀለሙን ላድምቀው ወይስ ፊደሉን ላሳድገው?

መልስ፦ ማድመቁን ተወው፣ ይብስበታል። ሐሳብህ ግን ቆንጆ ነው፣ እሱን አንጥልም።

ቀይና አረንጓዴ በቀለም ክብ (ቀለሞች በዙሪያ ተደርድረው በሚታዩበት ሥዕል) ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ናቸው። ጎን ለጎን ሲሆኑ አንዱ ሌላውን ያጎላዋል። እስከዚህ ልክ ነህ። ችግሩ፣ ዓይናችን እንደ ፊደል ያለ ቀጭን ነገር የሚለየው በቀለሙ ዓይነት ሳይሆን ይበልጥ በጥቁረትና በንጣት ልዩነት ነው፣ ያንተ ቀይና አረንጓዴ ደግሞ ጥቁረታቸው እኩል ሳይሆን አይቀርም። «ታዲያ ቡናው ዛፉ ላይ እንዴት ይታየኛል?» ትለኝ ይሆናል። እሱን እኮ አታነበውም! ቀይ መሆኑን ካየህ ትለቅመዋለህ፣ አለቀ። «ቡ»ን ከ«ቢ» የምትለያት ግን አንዲት የጎን ጭረት መሃል ወይም ታች መሆኗ ብቻ ናት። ቀይና አረንጓዴ የሚምታታባቸው ሰዎችም አሉ፤ ጂኑ ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስላለ በብዛት ወንዶች ናቸው።

ታፔላውን ፎቶ አንሳና ስልክህ ላይ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይረው። ፊደሉ መደቡ ውስጥ ከሰመጠ፣ በቃ እሱ ነው።

መደቡን ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ ፊደሉን ክሬም አድርገው። ቀዩ ጥግ ላይ ሁለት ሦስት ፍሬ ቡና ይሁን። ክሬሙን ግን ለብቻው አይተህ እንዳትመርጥ፣ ቀለም በጎረቤቱ ይለወጣል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሸቭሮል በፓሪሱ የጎብለን ሽመና ቤት የማቅለሚያ ክፍሉ ኃላፊ ሳለ፣ ጥቁሩ ክር ፈዘዘ የሚል ቅሬታ ይመጣበታል። ቢመረምረው ክሩ ደህና ነው፤ ያፈዘዘው አጠገቡ የተሸመነው ቀለም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1839 ትልቅ መጽሐፍ አወጣበት። እኔ ይህን ሳላውቅ ግድግዳዬን ክሬም ቀብቼ፣ ከአረንጓዴ ሶፋዬ ጀርባ ሮዝ መስሎ ቁጭ ብሏል።

ስለ መፍዘዙ፦ ስልክህ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ነው የሚያወጣው። ማተሚያው ሳያን (አረንጓዴ ቀመስ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ሐምራዊ ቀመስ ቀይ)፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም ነው የሚቀባው፤ ስክሪን ላይ ያየኸውን ድምቀት ሁሉ አይደርስበትም። ስለዚህ ቁራጭ ናሙና አሳትምና ደጅ አውጥተህ፣ በፀሐይም በደመናም እየው። ደመና እንደሆነ ጅማ ላይ አታጣም።

ፊደሉን ማሳደግ አይከፋም፣ ዙሪያው ባዶ ቦታ ከተረፈው። ስልክ ቁጥሩንና «ማኪያቶም አለ»ን እዚያው አትጠቅጥቅ።

ቆይ ግን፣ ቤቱ ማን ይባላል? ለእኛም እኮ አልጻፍክልንም።